የዩኒቨርሲቲው ክፍት የስራ ቦታ ለሙስሊሙም ክፍት ይሁን!

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



የቅጥር ወቅት መጥቷል። ተማሪዎች በሰኔና በሐምሌ ጋዋናቸውን ለብሰው ይመረቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች የክፍት የስራ ቦታ ማስታወቂያቸውን በአዲስ ዘመን፣ በሪፖርተርና በየግቢያቸው ሰሌዳ ላይ ያወጣሉ። ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ የሬጅስትራር ሰራተኛ፣ የቤተ መፃህፍት ባለሙያ፣ የክሊኒክ ነርስ፣ የሂሳብ ሰራተኛ፣ ሾፌር፣ ጥበቃ። ከስሩም ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የስራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ቅረቡ የሚለው የተለመደ አረፍተ ነገር ይከተላል። አስሩ ቀን ያልቅና ወረቀቱ ይነሳል፤ በምትኩ የተፈታኞች ስም ዝርዝር ይለጠፋል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስንት መሀመድ፣ ስንት ፋጡማ፣ ስንት ሰዒድ እንዳለ በጣቱ እየቆጠረ የተመለሰ አንባቢያችን ጥቂት አይደለም።

ይህ ፅሁፋችን ስለዚያ ዝርዝር ነው።

«ኮሚቴዎቻችን ታስረው፣ መጅሊሱ በቀበሌ አዳራሽ ተመርጦ፣ መስጂዶቻችን በግዳጅ ተነጥቀው የነበርን ሰዎች ስለ ስራ ቅጥር ማውራታችን ምን ይባላል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ቅን ነው። መልሳችን ግን አጭር ነው፤ ይህ ትግል የተቀሰቀሰው በስራ ጉዳይ ነው። በ2004 አወሊያ ላይ የተነሳው ድምፅ መነሻው 50 የአረብኛ መምህራን በአንድ ደብዳቤ ከስራቸው መባረራቸው ነበር። እነዚያ መምህራን ጠመኔ ይዘው ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በደመወዛቸው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ጋር የቆሙት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ስለዚህ መምህር ማን ይሁን፣ ማን ይቅጠረው፣ በምን ምክንያት ይባረር የሚለው ጥያቄ ከጅምሩ በእጃችን ያለ ጥያቄ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 በሩን ሲከፍት የአገሪቱ ህግም ልማድም ሙስሊሙን እንደ እንግዳ ነበር የሚያየው። በ1948 የተሻሻለው ህገ መንግስት አንዱን ቤተ እምነት የመንግስት ቤተ እምነት አድርጎ ፃፈ፤ ሙስሊሙም በመንግስት አንደበት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ተብሎ ነበር የሚጠራው፤ ነዋሪ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነ ሰው። አባቶቻችን ልጅ ከማስተማር ይልቅ ሱቅ መክፈትን የመረጡት ትምህርት ጠልተው አልነበረም። ተምሮ የሚገባበት ቢሮ በሩ የተዘጋ መሆኑን ስላወቁ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ካቀረባቸው 13 ጥያቄዎች መካከል ሙስሊሙ በመንግስት መስሪያ ቤቶች ተሳታፊ ይሁን የሚለው አንዱ ነበር። ከዚያ ሰልፍ በኋላ የኢድ አል ፊጥር፣ የአረፋና የመውሊድ በዓላት በአገር ደረጃ ታወቁ፤ አልሃምዱሊላህ። የስራው ጥያቄ ግን በዓል እንደ ማወጅ በአንድ አዋጅ የሚፈታ አልነበረም። ዛሬም በእኛ እጅ ነው።

በወረቀት ላይ ከሄድን ዛሬ የጎደለን ነገር የለም። ህገ መንግስቱ በአንቀፅ 11 መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀፅ 25 ሰዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ልዩነት ሳይደረግባቸው በህግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀፅ 41 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ መተዳደሪያውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሰራተኞች ቅጥር ይመራበት የነበረው የፌዴራል መንግስት ሰራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በአንቀፅ 13 ስራ ፈላጊዎችን በብሄር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መለየትን ይከለክል ነበር፤ ክፍት ቦታው የሚሞላውም ለስራው የሚያስፈልገውን መመዘኛ አሟልቶ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ብልጫ ባገኘ ሰው ብቻ መሆኑን ይናገር ነበር። የመምህራኑ ቅጥር በከፍተኛ ትምህርት አዋጅና በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ህግ ይመራል። አንድ አንቀፅ ደግሞ አለ፤ በእኛ ላይ ሲጠቀስ ሁሌ የምንሰማው፤ አንቀፅ 90። ትምህርት ከሃይማኖት ተፅእኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። እህቶቻችን ስለ ሂጃባቸው ሲጠየቁ፣ ወንድሞቻችን ጥግ ይዘው ሲሰግዱ ሲገኙ ይህ አንቀፅ ይነበብላቸዋል። ነገር ግን ይኸው አንቀፅ ቀጣሪውንም ያስራል። ዩኒቨርሲቲው ከሃይማኖት ተፅእኖ ነፃ ከሆነ የፈታኙም እስክሪብቶ ነፃ መሆን አለበት።

እንግዲህ ህጉ ይህን ያህል ግልፅ ከሆነ ችግሩ የት ነው? «ሙስሊም አንቀጥርም» ብሎ የፃፈ ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ነገሩ የሚሰራው በትንንሽ ነገሮች ነው፤ በሰዓት፣ በፎቶግራፍ፣ በቃል ፈተና ላይ በሚሰጥ አምስት ነጥብ።

አንድ ወንድማችን የደረሰበትን እንንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲውንም የእሱንም ስም አንጠራም፤ እሱም እንዲጠራ አልፈለገም። በኬሚስትሪ ጥሩ ውጤት ይዞ የተመረቀ ልጅ ነው። ለሁለት የረዳት ምሩቅ ቦታ ማስታወቂያ ወጣ፤ ተመዘገበ፤ የፅሁፍ ፈተና ተፈተነ፤ ሁለተኛ ወጣ። ቀጥሎ የነበረው የማስተማር ብቃት ማሳያ ነው፤ ተወዳዳሪው በኮሚቴው ፊት ቆሞ ለሃያ ደቂቃ አንድ ርዕስ ያስተምራል። የእሱ ተራ አርብ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ተመደበ። ልብ በሉ፤ በመንግስት መስሪያ ቤት የአርብ የምሳ እረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ይህ ሰዓት ከሌሎች ቀናት የረዘመው ለማን ተብሎ እንደሆነ በአገሪቱ የማያውቅ የለም። ፈተናው የተመደበው በዚያ እረፍት መሃል ነው።

ወንድማችን አልተቆጣም፤ አልጮኸም። ሐሙስ ጠዋት ማመልከቻ ፅፎ ሄደ። አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የተመደበውን ሌላ ተወዳዳሪ አነጋግሮ ነበር፤ ያ ልጅ ክርስቲያን ነው፤ «ምን ችግር አለው፣ እኔ ባንተ ተራ እገባለሁ» ብሎት ፈርሞለታል። ከቢሮው ያገኘው መልስ ግን «ፕሮግራሙ ከበላይ የመጣ ነው፣ አይቀየርም» የሚል ነበር። በማመልከቻው ላይ የፃፈለት የለም፤ መዝገብ ላይም አልገባም። አርብ እለት ልጁ ጁምዓውን ሰግዶ እየሮጠ 7:25 ላይ ደረሰ። ኮሚቴው ተበትኗል። በውጤት ማሳወቂያው ላይ በስሙ ትይዩ የተፃፈው «በራሱ ፈቃድ ያልቀረበ» የሚል ነው።

በራሱ ፈቃድ! ይህን ቃል የፃፈው ሰው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ምናልባትም ፎርሙ ላይ ሌላ የሚፃፍበት ሳጥን ስላልነበረ ነው። ግን ወንድማችን በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነገር ሐሙስ ጠዋት ማመልከቻ ይዞ መምጣቱ ነበር፤ እሱ ደግሞ የትም አልተፃፈም።

ይህን ታሪክ እኛ የሰማነው ከወንድማችን አይደለም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የነበሩ፣ እምነታቸው ከእኛ የተለየ አንድ መምህር ነገሩ ከንክኗቸው ለሙስሊም ባልደረባቸው ነገሩት፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወር አልፎታል። ወንድማችንን ፈልገን ስንጠይቀው «ለአላህ ትቼዋለሁ» አለን። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜም አልፎ ነበር።

በእህቶቻችን በኩል ያለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለመታወቂያ ፎቶ ሂጃቡን ወደ ኋላ ሳቢው፣ ጆሮሽ ይታይ የሚባለው በብዙ ቦታ ተለምዷል። ኒቃብ ለባሽ እህት ደግሞ ለሴት ሰራተኛ ፊቷን ገልጣ ማንነቷን ለማረጋገጥ ፈቃደኛ ሆና እንኳን ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ ትመለሳለች። በቃል ፈተና ላይ ስለ ሙያዋ ሶስት ጥያቄ፣ ስለ አለባበሷ አምስት ጥያቄ ተጠይቃ የወጣች እህት «የቱ ላይ እንደወደቅሁ እስካሁን አላውቅም» ብላናለች። የሂሳብ ሰራተኛ ቦታ ነበር የተወዳደረችው። ሚዛን የሚያስታርቅ ሰው ፀጉሩ ለምን እንደሚፈለግ የሚያስረዳን ካለ በደስታ እንሰማለን።

ይህን ሁሉ የምንለው ደመወዝ ስላማረን ብቻ አይደለም፤ የረዳት ምሩቅ ደመወዝ መርካቶ ውስጥ ከአንድ ታታሪ ተላላኪ ገቢ ብዙም እንደማይበልጥ እናውቃለን። ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ ረዳት ምሩቅ ሆኖ የገባው ልጅ ሁለተኛ ዲግሪውን ሰርቶ ሌክቸረር፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር ይሆናል። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይሆናል፤ ሴኔት ውስጥ ይቀመጣል። በረመዳን የተማሪዎች ምግብ ቤት የፆመኛውን ምግብ እስከ መግሪብ ያቆይ ወይስ በስምንት ሰዓት ያንሳ የሚለው የሚወሰነው በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የአመቱ የፈተና ፕሮግራም ሲወጣ ኢድ የት ላይ እንደሚውል አስታውሶ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አለመኖሩ ስንት ተማሪ የኢድ እለት ፈተና ላይ እንዲቀመጥ አድርጓል? ያ ሰው ሙስሊም መሆን የለበትም፤ የሚያስታውስ ማንም ይሁን። ልምዱ ግን የሚነግረን የሚያስታውሰው የሚኖርበት ሰው መሆኑን ነው።

ደግሞ እውቀቱም አለ። በ2001 ወደ አኺራ የሄዱትን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድን አስታውሱ። የወሎን የ19ኛው ክፍለ ዘመን እስልምና፣ ዑለማዎቹን፣ ሀድራዎቹን፣ የሸሆቹን የእጅ ፅሁፍ ለአለም ያስነበበ መፅሀፍ የፃፉት እኚህ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት ስለ ኢትዮጵያ የሚፃፍ ታሪክ ውስጥ ሙስሊሙ የሚታየው በአብዛኛው ጦር ይዞ ሲመጣ ብቻ ነበር። አንድ ሰው አንድ ወንበር ላይ በመቀመጡ ያ ተለወጠ። በአረብኛ ፊደል የተፃፉ፣ አንዳንዶቹም በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ ቋንቋ የሆኑ የእጅ ፅሁፎች ዛሬም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በየመስጂዱና በየሸሆቹ ቤት ሳጥን ውስጥ አንባቢ እየጠበቁ ነው። አረብኛውንም አጀሚውንም ፊቅሁንም የሚያውቅ፣ ከዚያ ደግሞ ዘመናዊውን የምርምር ዘዴ የተማረ ወጣት ከእኛ መስጂዶች ካልወጣ ከየት ይወጣል? ወጥቶ ደግሞ ወንበሩን ካልያዘ ያ ሳጥን ማን ይከፍተዋል?

ሌላም ነገር እንጨምር። ባለፉት አመታት የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በጣም ጨምሯል። ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ አሶሳ፣ ጅማ፣ ሮቤ ላይ ማዳ ወላቡ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቆመዋል። እነዚህ ከተሞች አዛን ሰምተው የሚነቁ ከተሞች ናቸው። ግቢው የታጠረው በአካባቢው ገበሬና አርብቶ አደር መሬት ላይ ነው። መሬቱን የለቀቀው አባት ልጅ በዚያ ግቢ ውስጥ ቢያንስ በእኩል አይን ተወዳድሮ ሾፌር፣ ቴክኒሻን፣ መምህር መሆን ካልቻለ አጥሩ ለአባቱ አጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል። አዋጅ ቁጥር 515/1999 ራሱ በዩኒቨርሲቲውና በሌሎች መስሪያ ቤቶች ተመጣጣኝ ቁጥር የሌላቸው ብሄረሰቦች ተወላጆች እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካላቸው ቅድሚያ እንዲያገኙ ይፈቅድ ነበር። የአፋርና የሶማሌ ልጆቻችን ይህን መብት በማመልከቻቸው ላይ ጠቅሰው መጠየቅ ይችሉ ነበር።

በሃይማኖት ግን ቅድሚያ ይሰጠን አላልንም፤ አንልምም። የ1999ኙ የህዝብ ቆጠራ ሙስሊሙን 33.9 በመቶ ስላለው ከመቶው ወንበር ሰላሳ አራቱን ቁጠሩልን የሚል ጥያቄ የለንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ ነፍሳቸውን አደራ የሰጡት መንገድ መሪ ሙስሊም አልነበረም፤ መንገዱን የሚያውቅና ታማኝ ሰው ስለነበር ቀጠሩት። ከበድር ምርኮኞች መካከል ማንበብና መፃፍ የሚያውቁት አስር አስር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤት ሲጠይቁ ያቀረቡት ማስረጃ ጠባቂነታቸውንና አዋቂነታቸውን ነበር። እኛ የምንጠይቀው ይኸው በእኛም ላይ እንዲሰራ ነው። የሚያውቅ ይቀጠር፤ ማን እንደሚያውቅ ደግሞ ጁምዓ ላይ ያለ ሰው በሌለበት አይለካ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ አማናችንን አልተወጣንም።

የመጀመሪያው ነገር አንመዘገብም። ብዙ ምሩቅ ወንድሞቻችን «እኛን አይቀጥሩንም» ብለው ማስታወቂያውን ሳያነቡ ያልፋሉ። ያልተመዘገበ ሰው ተበደልኩ ቢል ማስረጃ የለውም፤ በዳይም ካለ እጁን ሳያቆሽሽ የፈለገውን አግኝቷል ማለት ነው። አባቶችም አሉ፤ ልጃቸው በጥሩ ነጥብ ተመርቆ መጥቶ «ሶስት አመት ለመምህርነት ከምትደክም ሱቁን ያዝ» የሚሉት። ንግድ ሐላልና የተከበረ ስራ ነው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ነግደዋል። ግን ቤታችን ውስጥ አራት ወንድሞች ካሉ አራቱም ሱቅ ላይ መቀመጥ አለባቸው ወይ?

ሁለተኛው፣ አንፅፍም። በቃል እንጠይቃለን፤ በቃል ይመለስልናል፤ በቃል እናለቅሳለን። «ለአላህ ትቼዋለሁ» የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው፤ ሰበቡን አድርሶ ለጨረሰ ሰው ተወኩል ነው። ሰበቡን ሳያደርስ ለተወ ሰው ግን ሌላ ስም አለው። ግመልህን እሰር የተባልን ህዝብ ነን።

ሶስተኛው በጣም የሚያሳፍረን ነው። ለደላላ ገንዘብ እየከፈለ ቅጥር የሚፈልግ፣ ያልሰራበትን የስራ ልምድ ደብዳቤ የሚያፅፍ ሙስሊም አለ። ጉቦ ሰጪም ተቀባይም የተረገመ መሆኑን ከሚንበሩ ላይ እየሰማን! በሐራም የተገባበት ቢሮ ደመወዙ ሲበላ የሚያመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚያም በላይ አንድ ሰው ሲያዝ በሚቀጥለው አመት የሌሎች አስር ንፁሃን ማስረጃ በጥርጣሬ ይታያል።

አራተኛም አለ። የተሸነፍን ሁሉ የተበደልን አይደለንም። ወደ እኛ ከመጡት አቤቱታዎች መካከል ስናጣራቸው ሌላው ተወዳዳሪ በእርግጥ የበለጠ ነጥብ ያመጣባቸው ነበሩ። ለእነዚህ ወንድሞች ያልነው ተመልሰህ አንብብ ነው። ሐሰተኛ አቤቱታ የእውነተኛውን ተበዳይ ማመልከቻ ያረክሰዋል።

ስለዚህ ከዚህ ጁምዓ ጀምሮ ጀመዓዎቻችን እንዲህ ቢያደርጉ እንላለን። በየመስጂዱ የሞት፣ የሰርግና የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ፤ አንድ ጥጉን ለስራ ማስታወቂያ ይልቀቅ። አንድ ወጣት ሪፖርተርን እሁድና ረቡዕ፣ አዲስ ዘመንን በየቀኑ እያየ የዩኒቨርሲቲዎችን ማስታወቂያ ገልብጦ ይለጥፍ፤ የመጨረሻውን የምዝገባ ቀን በቀይ ያስምርበት። ከክፍለ ሀገር ለምዝገባ ብቻ የሚመጣ ልጅ ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ የሚያወጣው ብር ቀላል አይደለም፤ የመስጂዱ ነጋዴዎች ከሰደቃቸው ላይ ትንሽ ለዚህ ቢመድቡ ሰደቀቱል ጃሪያ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ወይም በጡረታ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ቅዳሜ ከዓስር በኋላ በመስጂዱ አዳራሽ ተወዳዳሪዎችን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቁሟቸው፤ ሃያ ደቂቃ ያስተምሩ፣ ይታረሙ። ብዙ ልጆቻችን የሚወድቁት በእውቀት አይደለም፤ ሰው ፊት ቆመው ስለማያውቁ ነው።

ከካርቱም፣ ከካይሮ፣ ከመዲናና ከሌሎች አገሮች ዲግሪ ይዛችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ሰነዳችሁ በተማራችሁበት አገር የውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤትና በኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ከዚያ በአገራችን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፤ የአቻ ግምቱንም ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን አስቀድማችሁ አውጡ። አስር የስራ ቀን ለዚህ አይበቃም። መድሃኒትና ምህንድስና ተምረው መጥተው በዚህ ወረቀት ብቻ ከምዝገባ የተመለሱ ወንድሞች አሉን።

ፈተና ጁምዓ ላይ ወይም ኢድ ላይ ሲመደብባችሁ ጥያቄያችሁን በሁለት ኮፒ ፃፉ፤ አንዱን አስገቡ፣ በሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉበት። ማህተም ካልተሰጣችሁ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኩት፤ ደረሰኙን ያዙ። ውጤታችሁን በየዘርፉ፣ የፅሁፉን ለብቻ የቃሉን ለብቻ፣ በፅሁፍ ጠይቁ። ቅር ካላችሁ በጊዜው ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ፤ ካልሆነም ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፣ ለህዝብ እንባ ጠባቂና ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቅርቡ። መልስ አይሰጡንም የምትሉ ትኖራላችሁ። አይሰጡን ይሆናል። እኛ ግን የምንፈልገው የተፃፈና ቀን ያለበት ወረቀት ነው። የማመልከቻችሁን ኮፒ በየመስጂዳችሁ ላሉ ወንድሞችና እህቶች ስጡ፤ የማንንም ስም ሳናወጣ እናሰባስባለን። አንድ ልጅ ጁምዓ ላይ ተፈተነ ሲባል አጋጣሚ ነው ይባላል። ከአስር ግቢ አስር ማህተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ አጋጣሚ የሚለው ቃል ይከብዳል።

በየዩኒቨርሲቲው በኃላፊነት ላይ ላላችሁም ቃል አለን። አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ፈተና አትመድቡ፤ ይህ ለእናንተ ምንም ወጪ የለውም። ለፎቶና ለማንነት ማረጋገጫ ሴት ሰራተኛ መድቡ። የቃል ፈተናውን ነጥብ እያንዳንዱ ፈታኝ ለየብቻው ፅፎ ይፈርምበት። ከእናንተ መካከል ይህን ሳይነገራችሁ የምታደርጉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ያን ወንድማችንን ጉዳይ ያነሱትን መምህር የመሰላችሁ። አላህ ይክፈላችሁ።

ያ ወንድማችን ከብዙ ውትወታ በኋላ ባለፈው ሳምንት በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለረዳት ምሩቅነት ተመዝግቧል። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ነው ያስገባው። የመስጂዱ ወጣቶችም ሁለት ቅዳሜ ከዓስር በኋላ ሰሌዳ ፊት አቁመውታል፤ መጀመሪያ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ። የፈተና ፕሮግራሙ ትላንት ተለጠፈ፤ ተራው ሐሙስ ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ ነው። ዱዓ አድርጉለት።

አላሁ አክበር!